ቀስ ያለ እጅ፦ የነጩ ፈሳሽ ታሪክ

ልጅ ሳለሁ ኳስ የምንጫወተው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ነበር። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ውኃ የሚወርድበት ቀን ጥቂት ነው። አንድ ቀን ባዶ እግሬን ስሮጥ የጠርሙስ ስባሪ ተረከዜን ቆረጠኝ። ለቤት ሰው ሳልናገር ሁለት ቀን ዋልኩ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ማነከሴን ያየችው አያቴ ቁስሉን ከማየቷ በፊት ብሽሽቴን ዳበሰች። ባቄላ የምታህል እብጠት አገኘች። «ንፍፊት ይዞሃል። ቁስሉ የታል?» አለችኝ።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሆኖም እግር ሲቆስል ብሽሽት፣ እጅ ሲቆስል ብብት፣ ጥርስ ሲታመም አገጭ ሥር እንደሚያብጥ ታውቃለች። ንፍፊት የሚለውን ቃል ያወጡት ሰዎች በቁስሉና በእብጠቱ መካከል አንድ መንገድ መኖሩን ተረድተውት ነበር ማለት ነው። ሐኪሞች ያንን መንገድ በዓይናቸው እስኪያዩት ብዙ ዘመን አለፈ፤ በእጅ ሊያግዙት እንደሚችሉ እስኪገባቸው ደግሞ ሌላ ብዙ ዘመን። የምተርከው ይህንን ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጁላይ 23 ቀን 1622 ጣሊያናዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋስፓሮ አሴሊ ወዳጆቹን ሰብስቦ የአንድ ውሻ ሆድ ከፈተ። በእኛ አገር ዘመኑ የአፄ ሱስንዮስ ነው፤ ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በይፋ የተቀበሉበት ዓመት። አሴሊ ለወዳጆቹ ሊያሳያቸው ያሰበው የነርቮችንና በደረትና በሆድ መካከል ያለውን የትንፋሽ ጡንቻ ሥራ ነበር። አንጀቱን ገለል ሲያደርግ ግን በአንጀቱ ላይና አንጀቱን በያዘው ስስ ሽፋን ላይ የተዘረጉ ቀጫጭን ነጫጭ ክሮች አየ። መጀመሪያ ነርቭ መሰሉት። ከመካከላቸው ወፈር ያለውን በስለት ወጋ ሲያደርገው እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ወጣ። ውሻው ሲሞት ክሮቹ ከዓይን ተሰወሩ። ሌላ ውሻ ከፈተ፤ ምንም የለም። ተጨንቆ ሲያስብ የመጀመሪያው ውሻ ከመከፈቱ በፊት ጠግቦ መብላቱ ትዝ አለው። ሦስተኛውን አብልቶ ከፈተው፣ ነጫጭ ክሮቹም እንደገና ታዩ። አንጀት ከምግብ የሚመጥጠውን ስብ የሚሸከሙት የሊምፍ ቧንቧዎች ነበሩ። አሴሊ መጽሐፉ ታትሞ ለማየት ዕድሜ አልሰጠውም። መጽሐፉ በ1627 ወጣ፤ ሥዕሎቹ በቀለም ከታተሙት የሰውነት ሥዕሎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ነጩ ፈሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ግን አሴሊም ተሳስቷል፤ ወደ ጉበት የሚገባ መስሎት ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ፔኬ መንገዱን ተከትሎ ያገኘውን እውነት በ1651 አሳተመ። ፈሳሹ ከሆድ ተነሥቶ የጀርባ አጥንትን ተደግፎ በደረት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ በግራ አንገት ሥር፣ ከፊት ካለችው የአንገትጌ አጥንት ኋላ፣ ወደ ደም ሥር ይገባል። በተከታዩ ዓመት ወጣቱ ስዊድናዊ ኦሎፍ ሩድቤክ እነዚህ ቧንቧዎች በአንጀት ብቻ ሳይሆን በሌላውም የሰውነት ክፍል መኖራቸውን በንግሥት ክርስቲና ፊት አሳየ። ዴንማርካዊው ቶማስ ባርቶሊንም በዚያው ሰሞን ተመሳሳዩን ጽፎ አሳተመና «እኔ ቀደምኩ፣ እኔ ቀደምኩ» የሚል ክርክር ተነሣ። የቧንቧዎቹ ስም ግን ባርቶሊን ያወጣው ሆኖ ቀረ። ሊምፋ በላቲን ጥርት ያለ ውኃ ማለት ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ የነገሡት አፄ ፋሲለደስ ነበሩ፤ ግንቡ ገና አዲስ ነው።

እዚህ ላይ ትረካውን ቆም አድርጌ ሥራውን ማስረዳት አለብኝ፤ የኋላው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። ደም በጣም ቀጫጭን በሆኑት ሥሮች ሲያልፍ ጥቂት ፈሳሽ ወደ ሥጋው መሐል ይንጠባጠባል። ፈሳሹ ውኃ ብቻ አይደለም፤ ፕሮቲን አለበት፣ ስብ አለበት፣ አንዳንዴም በቁስል የገባ ጀርም አለበት። ይህ ሁሉ እዚያው ቢቀር ሰው በአንድ ቀን ያብጥ ነበር። ከቆዳ ሥር የተዘረጉት የሊምፍ ቧንቧዎች ይመጥጡታል፣ በመንገድ ላይ ባሉት ዕጢዎች ያጣሩታል፣ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር የሚሆነውን ወደ ደም ይመልሱታል። ዕጢዎቹ በብሽሽት፣ በብብት፣ በአንገት፣ በሆድ ውስጥ የተበተኑ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናቸው። የአያቴ ጣት ያገኘው አንዷን ነው፤ ከተረከዜ የመጣውን ጀርም ስትዋጋ አብጣ።

ደም ልብ አለው፤ ሊምፍ ግን የሚገፋው ልብ የለውም። ቧንቧዎቹ ራሳቸው በዝግታ እየተኮማተሩ ይገፉታል፣ በውስጣቸው ያሉት ትንንሽ በሮች ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጉበታል። ስንራመድ የባታችን ጡንቻ ያግዘዋል፤ በጥልቀት ስንተነፍስ ደረታችን ይስበዋል። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው ማታ ጫማው የሚጠብበት ይህ እገዛ ስለሚቀርበት ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በአውቶቡስ አዲስ አበባ የገባ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ይመልከት፤ የካልሲው ጠርዝ ምልክት ትቶበት ያገኘዋል።

የመንገዱ መዘጋት በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ከኢትዮጵያ ምድር በጽሑፍ ካቆዩት አንዱ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ጎንደር የገባው በ1770 ነው። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በአገራችን ያያቸውን በሽታዎች ሲዘረዝር የአንገትና የብብት ዕጢዎች እብጠትን ጠቅሷል፤ ከዚያ እግርን ከጉልበት በታች እስከ ቁርጭምጭሚት አሳብጦ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት የሚያደርገውን በሽታ በዝርዝር ጽፏል። እኛ ዝሆኔ የምንለው ነው። ብሩስ ሁለቱን እየቅል አድርጎ ጻፋቸው። እግሩና ዕጢው የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች መሆናቸውን አላስተዋለም።

ሕክምናው መልክ የያዘው ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1892 ቤልጂግ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኦስትሪያዊው የቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ፎን ቪኒቫርተር ላበጠ እግር የሚሆን ዘዴ ጻፈ፦ ቆዳውን በንጽህና መጠበቅ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በፋሻ ማሰር፣ ማሸት። እርሱ ሲሞት ግን ማሸቱ ተረሳ። በ1896፣ አባቶቻችን ዐድዋ ላይ በተዋጉበት ዓመት፣ እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ ፈሳሽ ከደም ሥር የሚወጣበትንና የሚመለስበትን የግፊት ሚዛን አብራራ። በዚያው ዓመት ኮፐንሃገን ውስጥ ኤሚል ቮደር የሚባል ልጅ ተወለደ። ስሙን ያዙት።

ቮደር ስድስት ዓመት ሲሆነው፣ በ1902 መጨረሻ፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ከተራራው ሥር ደርሶ ቆመ። ሐዲዱ ሐረር ይወጣል ተብሎ ነበር፤ ተራራው ስላልፈቀደ ከታች ሌላ ከተማ ተቆረቆረ። ድሬዳዋ እንዲህ ተወለደች። ከደቻቱ ወዲያና ወዲህ ከዚራና መጋላ የሚባሉት ሰፈሮች ተዘረጉ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ አማራው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ ገባባት። ሰው ሲገባ የሰውነት አያያዝ ልማዱንም ይዞ ይገባል። በእኔ ልጅነት በሰፈራችን መታሸት የማያውቅ ሰው አልነበረም። አራስ ትታሻለች፣ ሕፃን ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል፣ ወለምታ የያዘው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፣ ጀርባው የደነደነ ተሸካሚ የሞቀ ዘይት ተቀብቶ በአውራ ጣት ይደቆሳል። ጥሩ አሺ የሚባለው የሚያስጮኸው ነው። ካላመመ አልሠራም ይባላል። ይህን እምነት አስታውሱልኝ፤ በኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

በ1932 ቮደር ከባለቤቱ ከኤስትሪድ ጋር ካን በምትባለው የፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ በአሺነት ይሠራ ነበር። ሕክምና ተምሮ በሕመም ምክንያት ያቋረጠ ሰው ነው። ወደ እርሱ ከሚመጡት መካከል ጉንፋን የማይለቃቸው እንግሊዞች ነበሩ፤ አንገታቸውን ሲዳብስ ዕጢዎቻቸው አብጠዋል። የዘመኑ ሕክምና የሊምፍ ዕጢን አትንኩ ይል ነበር። ቮደር ነካ፤ በጣቱ ጫፍ፣ በጣም በቀስታ፣ ቆዳውን ክብ እያዞረ። ሰዎቹ ቀለላቸው። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ የድሮ የሰውነት ሥዕሎችን እያገላበጡ የፈሳሹን መንገድ አጠኑ፣ እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ በዚያ መንገድ ላይ ሰፉ። በ1936 ፓሪስ በተደረገ የጤናና የውበት ዐውደ ርእይ ላይ ለሕዝብ አቀረቡት። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱን የያዘው ባቡር በድሬዳዋ አልፎ ጅቡቲ ወረደ፣ ከቀናት በኋላም የጣሊያን ጦር ከተማችን ገባ። ለእኛ ሰዎች 1936 የሚያስታውሰው ይህንን ነው፤ የፓሪሱን ነገር የሰማም የለም።

የቮደር እጅ ከሰፈራችን አሺ እጅ ጋር የሚለየው በምን ነው? በኃይሉ። ፈሳሹን የሚመጥጡት የሊምፍ ቧንቧዎች ከቆዳ ሥር ወዲያው የሚገኙና ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ግድግዳቸው ቆዳው ትንሽ ሳብ ሲደረግ ይከፈታል፤ በኃይል ሲደፈጠጥ ይዘጋል። ስለዚህ እጁ ጡንቻው ድረስ አይወርድም። ቆዳውን ብቻ ይዞ በዝግታ ይስባል፣ ይለቅቃል፣ ቆዳው ራሱ እንዲመለስ ይጠብቃል፣ እንደገና ይስባል። ዘይትም አይደረግም፤ ዘይት ካለ እጁ ቆዳው ላይ ይንሸራተታል እንጂ ቆዳውን አይስበውም። የሚታሸው ሰው ምንም እንደማይሠራለት ይሰማዋል። ብዙዎችም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ሁለተኛው ልዩነት ሥራው ከየት እንደሚጀመር ነው። ያበጠው እግር ቢሆንም እጁ መጀመሪያ የሚያርፈው አንገት ሥር ነው፤ ነጩ ፈሳሽ ወደ ደም የሚገባበት በር እዚያ ስለሆነ። ቀጥሎ ሆድ፣ ቀጥሎ ብሽሽት፣ ቀጥሎ ጭን፣ በመጨረሻ ባትና እግር። የእጁ ግፊት ሁልጊዜ ወደዚያ በር ነው፤ ቦታው ግን ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ተሳፋሪ የሞላበትን አውቶቡስ ማስወረድ የፈለገ ሰው በሩ አጠገብ ያሉትን ነው መጀመሪያ የሚያስወርደው፤ ከኋላ ቢገፋ ሰው በሰው ላይ ይደራረባል።

ሐኪሞች ቮደርን ለረጅም ዓመታት ጆሮ ነፈጉት፤ የሕክምና ዲግሪ የሌለው አሺ ነው። በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ሐኪም ዮሃንስ አስዶንክ ዘዴውን በሕሙማን ላይ ፈትኖ ወደ ሕክምና ቤት አስገባው። ሃንጋሪያዊው ሚካኤል ፎልዲ ደግሞ ባለቤቱ ከሆነችው ሐኪም ጋር እሽቱን ከፋሻው፣ ከቆዳ እንክብካቤውና ከእንቅስቃሴው ጋር አንድ ሕክምና አደረገው። የተረሳው የቪኒቫርተር ነገር ተመልሶ መጣ። እሽቱ ብቻውን ያስወጣው ፈሳሽ በፋሻ ካልተያዘ ተመልሶ ይመጣልና።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ክፍል እዚህ ነው።

ከድሬዳዋ ሽቅብ ሐረር ሲወጣ፣ ከሐረርም አለፍ ሲባል፣ ቢሲዲሞ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች እርዳታ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደርና ሆስፒታል የተቋቋመበት ቦታ ነው። ሐረር ከተማ ራሷ ከ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማረፊያ ነበራት። በ1965 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። እነዚህ ቤቶች የደነዘዘ እግርን በውኃ መዘፍዘፍን፣ ቅባት መቀባትን፣ ለቆሰለ እግር ልክ ጫማ መሥራትን ለአገሩ ያስተማሩ ናቸው። ወደ በራቸው የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ አልነበረም። እግሩ ያበጠና የሻከረ ገበሬም «ቆማጣ» ተብሎ ከመንደሩ ተባርሮ ይመጣ ነበር።

በ1969 ኦመን የተባለ ሐኪም በአገሪቱ ገበያ ገበያ እየዞረ ያበጡ እግሮችን ቆጠረና ከገበያተኛው ከመቶ 2.7 ያህሉ ዝሆኔ እንዳለበት ጻፈ። ገበያ ድረስ መራመድ ያልቻሉት በቁጥሩ የሉበትም። ምክንያቱ ምን ይሁን? በሌላ ዓለም ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ቀጭን ትል ነው። ትሉ በጋምቤላና በመሰሉት ቆላዎች በእርግጥ አለ። ጎጃም ደጋ ላይ ግን ትሉ የለም፤ እግሩ ግን ያብጣል። መልሱን ያገኘው እንግሊዛዊው የቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ የሥጋ ደዌ እግሮችን የሚጠግን ሰው ነበር። በ1970ዎቹ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ገበሬዎችን ከእግራቸው እስከ ብሽሽታቸው ዕጢ መረመረ፤ በዕጢዎቹ ውስጥም የአፈር ብናኝ አገኘ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ቀይ አፈር በተሰነጠቀ እግር በኩል ይገባል፣ በሊምፍ መንገድ ይወጣል፣ መንገዱን ያቆስለዋል፣ ይደፍነዋል። በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ በግሪክ እግርና አቧራ ማለት ነው። መጽሐፉ በ1990 ወጣ።

የተረከዝ ቁስል በብሽሽት ያብጣል ያለችው አያቴና ፕራይስ በተለያየ ዘመን አንድ መንገድ ነው የሄዱት። ይህን ሳነብ ያቺ ባቄላ የምታህል እብጠት በጣቴ ላይ ተሰማችኝ።

የድሬዳዋ ምድር ለፖዶኮኒዮሲስ አይመችም። ምድራችን አሸዋማ፣ ዝናባችን በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በሽታው የሚወደው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበትን ቀይ የደጋ አፈር ነው። በአገሪቱ ግን የታማሚው ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። እንዲህ ያለ በሽታ ለዘመናት ሐኪም ያልነበረው ስለምን ነው ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ የሚይዘው ጫማ የሌለውን ነው። ሰዉም ምክንያቱ ይምታታበት ነበር። እባብ ረግጦ ነው፣ መተት ነው፣ የዘር ነው። ለታማሚዎቹ ቤት ሴት አይሰጥም፣ ከእነርሱም አይወሰድም። እድር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቦታቸው ዳር ነው።

በ1998 ወላይታ ሶዶ ላይ አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ናታን ባርሎ ለእነዚህ ሰዎች የሕክምና ሥራ ጀመረ። የባርሎን ሥራ ልዩ የሚያደርገው መሣሪያው ነው፤ ሳፋ፣ ውኃ፣ ሳሙና፣ ትንሽ በረኪና፣ ቅባት፣ ካልሲ፣ ጫማ። ሁለተኛው ልዩነቱ አካሚዎቹ ናቸው። እግራቸው የተሻላቸው ሰዎች ተምረው ሌሎቹን ያጥባሉ። ለዓመታት ማንም ያልነካውን እግር ሌላ ሰው በእጁ ይዞ፣ በየጣቱ መሐል ገብቶ ያጥበዋል። እንደዚህ ካለው መታጠብ ውስጥ የትኛው ለእግሩ፣ የትኛው ለነፍሱ እንደሆነ መለየት የሚቻል አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው እንግሊዛዊቷ ሐኪም ጌይል ዴቪና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ በሽታውን ዓመታት አጠኑ። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ፖዶኮኒዮሲስን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ አንድን አፈር የሚረግጡ ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው የሚቀርበትን ምክንያት በዘር ውስጥ አሳዩ፤ ይኸውም የሰውነት መከላከያን የሚመራው የጂን ክፍል ላይ ያለ ልዩነት ነው። «የዘር ነው» ይሉ የነበሩት ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘው ነበር ማለት ነው፤ ሁልጊዜ ጫማ ያደረገ ግን ዘሩ ምንም ይሁን ምን አይታመምም።

ቀጥሎ የመጣው የጎጃሙ ጥናት ነው። ሄኖክ ንጉሤና ባልደረቦቹ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሰዎችን በዕጣ ከሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን ወዲያው እግር ማጠብን፣ የቆዳ ቅባትን፣ ፋሻን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን አገኘ፤ ሁለተኛው ከዓመት በኋላ እንዲያገኝ ሆነ። የሚለካው እግሩ በድንገት ቀልቶ፣ ጋል ብሎ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚልበት፣ ገበሬውን ለቀናት መደብ ላይ የሚጥለው ሕመም ነበር። በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሕክምናውን ያላገኙት በዓመት 23.9 ጊዜ ሲነሣባቸው፣ ያገኙት ላይ ወደ 19.4 ወርዷል። ልዩነቱ አነስ ያለ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የማስበው በዓመት አራት ጊዜ ተኩል ከመደብ ተነሥቶ እርሻው ስለሚውለው ገበሬ ነው። በጎጃሙ ሕክምና ውስጥ እሽት የለም። አስተሳሰቡ ግን የቪኒቫርተርና የፎልዲ ነው፤ ቆዳውን ጠብቅ፣ ፈሳሹን ወደ ላይ ላክ፣ እንዳይመለስ እሰር፣ ተንቀሳቀስ።

ድሬዳዋ ላይ የሊምፍን መንገድ የሚዘጋው አፈር ካልሆነ ምንድን ነው? በአክስቴ ላይ ያየሁት የቀዶ ጥገና ስለት ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰሮች የበዛው ነው። ሐኪሙ ጡቱን ሲቆርጥ ካንሰሩ እንዳይዛመት የብብት ዕጢዎችንም ያወጣል፤ ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው። የእጅ ፈሳሽ ግን መውጫው በዚያ ነበር። ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ እጇ ያብጥባታል፤ አንዳንዴ በወራት፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የጡት ካንሰሯን አዲስ አበባ ታክማ ስትመለስ ስለ እጇ የነገራት ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት የግራ እጇ ቀለበት አልወጣ አለ፤ ቀጥሎ የቀሚሷ እጅጌ ጠበባት። ወሩ ሰኔ ነው፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ፤ ሙቀት ደግሞ የደም ሥሮችን እየከፈተ እብጠቱን ያባብሳል። አንዲት ደግ ጎረቤት መጥታ እንደ ልማዳችን ዘይት አሙቃ ከትከሻዋ እስከ መዳፏ ደቆሰቻት። «ጠንከር አድርጊው፣ ደሙ ረግቶ ነው» ትላለች አክስቴ ራሷ። በሦስተኛው ቀን እጇ ቀልቶ፣ ትኩሳት ይዟት ተኛች። በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ነው የተነሣችው።

ከዚያ ነው ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሄድነው። ወጣት ልጅ ነው። እኛ ድሬ ላይ አንቱታን ብዙም አናውቅበትም፤ እርሱም እንደ ወግ «አንቺ» እያለ፣ «አብሽሪ፣ እጅሽ አልሞተም፣ መንገዱ ነው የጠበበው» አላት። እጇን አልነካም። ከአንገቷ ጀመረ። ቀጥሎ ወደ ደህናው ብብት ሄደ፤ በደረቷ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በጀርባዋም እንዲሁ ቆዳዋን ቀስ እያለ ሳበ። ያልተነኩት የቀኝ ዕጢዎች የግራውን ፈሳሽ እንዲቀበሉ መንገድ ማበጀቱ ነበር። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ወደ ግራ ክንዷ የደረሰው። አክስቴ ከዚያ ስንወጣ «ምንም አልሠራኝም እኮ፣ ደባበሰኝ ብቻ» አለችኝ። ማታ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቿን ጨበጠች።

እሽቱ ምን ያህል እንደሚረዳ ጥናቶቹን የገመገመው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ተቋም በ2015 ጽፏል። 6 ጥናቶች፣ 208 ሴቶች። እሽቱ ጉዳት የለውም፤ ከፋሻ ጋር ሲሆን በተለይ እብጠታቸው ቀላልና መካከለኛ የሆኑትን ተጨማሪ ሊረዳ ይችላል። ፋሻውን ግን አይተካም። ይህን የምጽፈው ዛሬ በየውበት ሳሎኑ የሊምፍ ማሳጅ ከሰውነት መርዝ ያወጣል፣ ያከሳል ሲባል ስለምሰማ ነው። መርዝን የሚያስወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ጤነኛ ሰው ዘና ብሎ ቢታሽ፣ ከጉዞ በኋላ የከበደው እግሩ ቢቀልለት እሰየው። ሰውነቱ የከሳ የሚመስለው ለጊዜው ውኃ ስለሄደለት ነው፤ ስቡ እዚያው አለ። እጁ ወይም እግሩ ቀልቶ ትኩሳት ያለበት፣ ደም በእግሩ ሥር ረግቶ ይሆናል ተብሎ የተጠረጠረ፣ ልቡ የደከመ ሰው ግን ሐኪም ሳያየው መታሸት የለበትም። በእነዚህ ላይ ቀስ ያለው እጅም አደጋ ነው።

የአክስቴ ነገር አሁን የማለዳ ሥራ ሆኗል። 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ትቀመጣለች። ልጇ ከአንገቷ ትጀምራለች። አንዳንዴ ቸኩላ እጇ ሲጠነክር «ቀስ በይ፣ ቆዳውን ብቻ» ትላታለች፤ ያቺ «ጠንከር አድርጊው» ትል የነበረችው ሴት። ከዚያ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በጣቶቿ መሐል አድርቃ፣ ቫዝሊን ተቀብታ፣ ፋሻው ከመዳፍ ተነሥቶ ወደ ላይ እየላላ ይጠመጠማል። በድሬ ሙቀት ፋሻ መልበስ ቀላል ነገር አይደለም። ከፋሻው በፊት ግን የመለኪያ ሰዓት አለ። ልጅቷ የእናቷን የልብስ መለኪያ ሜትር አንሥታ የእጅ አንጓውን፣ ከክርን በታች፣ ከክርን በላይ ትለካና ከደንበኞች የወገብና የትከሻ ልክ ጋር በአንድ ደብተር ላይ ትጽፈዋለች። ሲጀመር ግራው ከቀኙ በ5 ሳንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት ስሄድ 2 ተኩል ደርሶ አገኘሁት። አክስቴ ቁጥሩን በዓይኗ አየችና ሜትሩን ከልጇ እጅ ተቀብላ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችው፤ በር ላይ ቀሚስ ልታስለካ የመጣች ደንበኛ ቆማ ነበር።